ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን በምን እንመዝነው?

በገጠር የሚኖር ገበሬ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ሁለት ዓይነት ምክር ሲሰማ ኖሯል። «ባህልህን ጠብቅ፤ የአባቶችህን አደራ እንዳትጥል» ይባላል። ወዲያውም «ጎጂ ልማድህን ተው» ይባላል። ሁለቱን ምክሮች ብዙ ጊዜ የሚሰማቸው በአንድ ስብሰባ፣ ከአንድ ሰው አንደበት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ የሚጠበቀው ከሚተወው የሚለይበት መመዘኛ አብሮ አልተሰጠውም። ከዚህም የተነሣ አንዱ የተቀበለውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው የተቀበለውን ሁሉ አራግፎ ይጥላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአደባባይ አንድ፣ በጓዳ ሌላ ሆኖ ይኖራል።

ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንፈልገው ይህንኑ መመዘኛ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣና ከደሃና ደጋዎች ነው። ዋግን የመረጥነው ጥንታዊነትና ለውጥ በአንድ ቦታ ጎን ለጎን ስለሚታዩበት ነው። የአካባቢው ሕዝብ በብዛት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነውና፣ የምንናገረው በጎረቤታችን ቤት ለመፍረድ እንዳልሆነ አስቀድመን እንገልጻለን። በዚያ የምናየው ጥያቄ በየገጠር ቁምስናዎቻችንም ያለ ነው።

ሀ. ቃላቱ ራሳቸው ምን ያስተምሩናል?

ልማድ፣ ወግ፣ ባህልና ትውፊት የሚሉትን ቃላት በዕለት ንግግራችን አንዱን በሌላው እየተካን እንጠቀምባቸዋለን። ቀረብ ብለን ስናያቸው ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፍቺ አላቸው። ልማድ የተለመደ ነገር ነው፤ መልካሙም ክፉውም ይለመዳል። ወግ ተገቢ ተብሎ የታመነበት ሥርዓት ነው፤ ስለዚህም «ወግ ነው» የተባለ ነገር ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይፈጸማል። ባህል «ብህለ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ይኸውም «አለ፣ ተናገረ» ማለት ነው። ትውፊት ደግሞ «ወፈየ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ማስረከብን፣ አደራ መስጠትን ያመለክታል። እንግዲህ ልማድ በአንድ ሰው ዘንድ ብቻውን ሊኖር ይችላል፤ ትውፊት ግን ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፤ የሚያስረክብና የሚረከብ። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ፣ ወይም እያለ እንደሌለ ከተቈጠረ፣ ርክክብ አልተፈጸመም።

የእነዚህ ቃላት አጠቃቀም በእኛ ዘመን ተለውጧል። የቀድሞው ገበሬ ስለሚያደርገው ነገር ቢጠየቅ «ደንቡ ነው»፣ «አባቶቻችን ያደረጉት ነው» ይል ነበር እንጂ «ባህላችን ነው» ማለትን እምብዛም አያውቅም ነበር። «ባህላችን» የሚል ሰው ራሱን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ጀምሯልና። ይህ ቃል ከትምህርት ቤት፣ ከራዲዮና ከስብሰባ ወደ ቀበሌው ገባ። ከዚህም ጋር ቀድሞ አንድ የነበረው ነገር ለሁለት ተከፈለ፦ የተወደደው «ባህላዊ እሴት»፣ የተጠላው «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚል ስም ተሰጠው። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በኑሮ ውስጥ ግን የተወደደውና የተጠላው በአንድ ቤት፣ እንደምናየውም አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ልጅ ላይ፣ አብረው ያድራሉ።

አማርኛችን ስለ ጥንት ነገር ሲናገር «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ይላል። አባባሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፍን ይገልጻል። ነገር ግን መዋረድ ክብር ማጣትም መሆኑን አንዘንጋ። አንድ ነገር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ሊከብርም ሊዋረድም ይችላል። ረጅም መንገድ መምጣቱ ብቻውን ዋጋውን አይመሰክርለትም።

ለ. የማይለወጥ የመሰለው ተለውጧል

ዋግ የአገው ሕዝብ ጥንታዊ አገር ነው፤ ከላስታ ጋርም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካበቃው የዛጉዌ መንግሥት ታሪክ ጋር የተሣሠረ ነው። ዋግ ሹም የሚባሉት ገዥዎች ለብዙ ትውልድ አካባቢውን አስተዳድረዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ነግሠዋል። በዚያ ዘመን ለኖረ ገበሬ የዋግ ሹም ሥልጣን፣ ጉልትና ርስት እንደ ተራራው የማይነቃነቁ ይመስሉት ነበር። ሆኖም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልትም ርስትም ቀሩ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር ተደረገ። በርስት ሥርዓት ሴት ልጅ የመውረስ መብት ቢኖራትም፣ ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ እኩል ባለይዞታ ሆነው መታየታቸው አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ይህን እንደ እንግዳ ነገር የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

ለውጡን ያመጣው ሕግ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረውን ዋግን ክፉኛ መታ። በዚያው ጊዜ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በብዛት ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወሰደ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ብዙ የዋግ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ረኃብና ጦርነት ነፍስ ከማጥፋታቸው በተጨማሪ አስረካቢውን ከተረካቢው ይለያሉ። አያት በመጠለያ፣ የልጅ ልጅ በሌላ አገር ሲሆኑ፣ ተረቱም፣ የዘር ቈጠራውም፣ ዋግ በነጭ ማሩ የታወቀበት የንብ አያያዝም ሳይነገር ይቀራል።

እንግዲህ ገጠሩ ሳይለወጥ ቆሞ የኖረበት ዘመን የለም። «እንደ ጥንቱ ይሁን» የሚል ሰው የትኛውን ጥንት ማለቱ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ልማድ መለወጡ የማይቀር ከሆነ፣ ቀሪው ጥያቄ ለውጡ በማን ውሳኔና በማን ትከሻ ላይ ይፈጸማል የሚል ነው።

ሐ. ሻደይ፦ ከደጃፍ ወደ መድረክ

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይን ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በቆቦ አካባቢ ሶለል የሚባሉት በዓላት የዚሁ ወገኖች ናቸው። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ያላቸውን ጌጥ አድርገው፣ ረጅሙን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በየቤቱ ይዞራሉ። ቸሩን ባለቤት ያመሰግናሉ፤ ንፉጉን በዘፈን ይሸነቁጣሉ። ስለ አመጣጡ የተለያየ ትርጓሜ ይሰጣል፤ አንዳንዶች ለኖኅ ርግብ ካመጣችለት ለምለም ቅጠል ጋር፣ አንዳንዶች ለዮፍታሔ ልጅ ካለቀሱት የእስራኤል ልጃገረዶች ጋር፣ ሌሎችም ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል። የትኛውም ትርጓሜ ቢያዝ፣ በዓሉ በኑሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ታናናሾቿን የምታዝል ልጅ በእነዚያ ቀናት ታርፋለች፤ ያለ ከልካይ ከእኩዮቿ ጋር ትወጣለች፤ በታላላቆቿ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። መንደሩም በየደጃፉ ቆሞ ይሰማታል።

በቅርብ ዓመታት ሻደይ በሰቆጣ በአደባባይ፣ በትልቅ ዝግጅት ይከበራል፤ በአዲስ አበባም ይከበራል። እንግዶች ይጋበዛሉ፤ ቴሌቪዥን ያሳየዋል፤ ለቱሪዝም ያለው ጥቅም ይነገራል። ነገሩ ከዓለም አቀፍ አካሄድ ጋር የተያያዘ ነው። ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. የማይዳሰሱ ቅርሶችን ስለ መጠበቅ ስምምነት ካጸደቀ በኋላ፣ ከአገራችን የመስቀል በዓል በ2013፣ ፊቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሪዎች ሹዋሊድ በ2023 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። ከዚህ የተገኘውን ጥቅም አንክድም። በአለባበሷና በአነጋገሯ ታፍር የነበረች የገጠር ልጅ ዛሬ አንገቷን ቀና አድርጋ ትታያለች። በአማርኛ ተውጦ እንዳይቀር ያሠጋ የነበረው ኽምጣጛም ትምህርት ይሰጥበታል፤ በአደባባይም ይዘፈንበታል።

ይሁን እንጂ በመድረክ ላይ ያለችው ልጅ የምትዘፍነው ለማያውቋት ተመልካቾች ነው። የተመልካቹ ድርሻ ማጨብጨብ ነው፤ የመንደሩ ሰው ድርሻ ግን መስጠት፣ መመረቅ፣ ሲሸነቆጥም ችሎ መስማት ነበር። መድረኩ ከደጃፉ ዑደት በተጨማሪ ቢኖር መልካም ነው። ደጃፉን ተክቶ ከቀረ ግን ልብሱና ከበሮው ሳይጎድል፣ መንደሩ ሴት ልጆቹን የሚሰማበት ቀን ይጎድላል። የዩኔስኮ ስምምነት ራሱ እንዲህ ያለውን ቅርስ ባለቤቶቹ ዘወትር እያደሱ የሚኖሩበት ነገር አድርጎ ነው የሚያየው።

መ. ወግ ማዕረግ

ወላጅ ለልጁ ከሚመኘው ነገር ሁሉ ትልቁ «ወግ ማዕረግ» ማየት ነው። ይህ መልካም ምኞት ነው። ሆኖም በሻደይ ዕለት የምንሰማት ልጅ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ጥር ሲገባም ሊድሯት ይችላሉ። በነሐሴ «ባህላችን» ተብሎ የተጨበጨበላት ልጅ በጥር «ወጋችን ነው» ተብሎ ትሰጣለች። የተወደደውና የተጠላው በአንዲት ልጅ ላይ ያድራሉ ያልነው ይህን ነው።

ወላጆቿን ጨካኞች አድርጎ መሳል ፍትሕ አይሆንም። ምክንያት ነበራቸው፤ አላቸውም። ሞት ሳይቀድማቸው ልጃቸውን በቤተሰብ ጥላ ሥር ማኖር ይሻሉ። ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ክብሯ እንዳይነካ ይሠጋሉ። በጋብቻ የሚገኝ ዘመድ በክፉ ቀን መጠጊያ ነው፤ የተበላ ድግስም ብድሩ ይመለሳል። በርስት ዘመን ደግሞ ጋብቻ መሬትን ከመሬት ያገናኝ ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዳንዱ ከርስት ጋር ሞቷል፤ አንዳንዱ ግን ድህነት እስካለ ድረስ አለ።

ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የወሰነው ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትን በእስራት የሚያስቀጣ አደረገ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 58 በመቶ ያገቡት ከ18 ዓመታቸው በፊት መሆኑን አሳየ፤ በዚሁ ዕድሜ ካሉት ወንዶች ግን 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ሸክሙ በማን ላይ እንዳረፈ ከዚህ ይታያል። ሕጉ እጅግ አስፈላጊ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ሠርጉን ወደ ጓዳ ሊያስገባው ይችላል፤ በታላቅ እኅት ሠርግ ተከልሎ ታናሿን መዳር፣ ዕድሜ ጨምሮ ማስመዝገብ በገጠር የማይሰማ ነገር አይደለም።

የሰውነቷ እድገት ሳያበቃ የምታረግዝ ልጅ ለፌስቱላና በወሊድ ለሚመጣ ሌላ አደጋ ትጋለጣለች። ከእርሷ የሚወለደው ሕፃንም ክብደቱ አነስተኛ የመሆንና የመቀንጨር ሥጋቱ ይበልጣል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተጠርቷል። የዋግ ከተማ ስም እንዲህ ለሕፃናት ከተገባ አዲስ አደራ ጋር በመላው አገራችን ይነሣል። እናቲቱ ራሷ ልጅ እያለች ግን ይህ አደራ ሊፈጸም አይችልም። ቤተ ክርስቲያናችንም የተጋቢዎቹ ነፃ ፈቃድ በሌለበት ጋብቻ እንደማይጸና ታስተምራለች።

ሠ. ደቦና ተዝካር

በአንጻሩ ማንም ሳይከለክለው ሊደክም የሚችል መልካም ነገር አለ። በወንፈል ገበሬዎች ጉልበታቸውን በተራ ይበዳደራሉ፤ በደቦ ደግሞ ጠሪው ደግሶ ያሠራል። ብድር መመለስ ለማይችሉት፣ ለመበለቲቱና ለአቅመ ደካማው፣ መንደሩ በነፃ ወጥቶ ያርሳል፤ ያጭዳል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምግብ ዋስትናቸው ባልተረጋገጠ ወረዳዎች የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተሠማርቶ፣ ሰው በሕዝባዊ ሥራ ላይ በሠራበት ቀን ልክ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል ቆይቷል። ፕሮግራሙ ብዙ ቤተሰብ በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ቀን እንዲያልፍ ረድቷል። ነገር ግን ጉልበት በቀንና በክፍያ መቈጠሩ እየተለመደ ሲሄድ፣ ወጣቱም ለቀን ሥራ ወደ ቆላ እርሻና ወደ ከተማ ሲወርድ፣ ያለ ክፍያ የሚወጣው ሰው እንዳያንስ ያሠጋል። ስለ ደቦ መዳከም ግን ስብሰባ የሚጠራ አይታይም።

ተዝካርም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። መነሻው ስለ ሙታን መጸለይና ድሆችን መመገብ ነው። ወደ ድግስ ውድድር በተለወጠበት ቦታ ግን ቤተሰቡ ከብት ሸጦ፣ ተበድሮ ይደግሳል። ለሟቹ ክብር ተብሎ የሟቹ ልጆች ባዶ ቤት ይወርሳሉ። ሥርዓቱ ስሙን እንደ ያዘ ከዓላማው ተለይቷል።

ረ. መመዘኛው

ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈው፣ በሰው ወግ ተከልለው አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሸሹትን ገሥጿል። ተግሣጹ ያረፈው ደካማውን ወላጅ ያለ ረዳት በሚያስቀር ወግ ላይ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ፣ ከሐዋርያት የተረከብነውን ትውፊት በተመለከተ መረዳታችን በመንፈስ ቅዱስ ረዳትነት እያደገ እንደሚሄድ አስተምሯል። ቅዱስ ትውፊትና የመንደር ልማድ አንድ አይደሉም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅዱሱ ትውፊት እንኳ በማስተዋል ማደግ እንዳለ ከተናገረች፣ የመንደር ልማድ ከቶ አይጠየቅ ማለት ከሃይማኖትም በላይ መሄድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በዚህ ልማድ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይከፍላል? ሁለተኛ፣ ለተረካቢው ምክንያቱን ሳናፍር ልንነግረው እንችላለን? ሦስተኛ፣ ተረካቢው በኋላ አስቦበት የማይስማማ ቢሆን የሚመለስበት መንገድ አለ?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ልጅ ስሙንም ሆነ የእናቱን ቋንቋ መርጦ አይቀበልም፤ ታዲያ ሁሉ ነገር በፈቃድ ይሁን ካልን ምን የምናወርሰው ይኖራል? ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ኽምጣጛን ከእናቷ የተማረች ልጅ አማርኛም ሌላ ቋንቋም ልትጨምርበት ትችላለች፤ የተሰጣት ነገር መንገድ ይከፍትላታል። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ የተዳረች ልጅ ግን ትምህርቷን፣ ጤናዋን፣ የልጅነት ዕድሜዋን መልሳ አታገኝም። ሁለቱም «ውርስ» ቢባሉም፣ አንዱ የተረካቢዋን እጅ ይሞላል፤ ሌላው ራሷን ተረካቢዋን ዕቃ አድርጎ ያስረክባታል። ልዩነቱ ይህ ነው። ሻደይና ደቦ በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ጸንተው ይቆማሉ፤ ተዝካር ወደ ዓላማው ሲመለስ ይቆማል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን አይቆምም።

ይህን ምዘና ከውጭ መጥቶ የሚያካሂድ ባለሥልጣን ወይም ሰባኪ ብቻውን አይበቃም። በገጠራችን ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሎች አሉ። ወላጅ ልጁን ሳይድር ቢቆይ የሚደርስበትን ሐሜት ሊያነሡለት የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ድርሻ አላቸው፦ የወላጆችን ሥጋት ቀርቦ መስማት፣ ሩቅ ትምህርት ቤት ለምትማር ልጅ በከተማ የምታርፍበት የታመነ ቤት ማፈላለግ፣ ሸንጎው ስለ ልጃገረዶች ሲመክር ልጃገረዶቹ ራሳቸው እንዲሰሙ ማድረግ። በሻደይ ዕለት በዘፈን ሲናገሩ የሚሰማቸው መንደር፣ በሌላውም ቀን በተራ ቃል ሲናገሩ ሊሰማቸው አይከብደውም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ምክንያቱ ተረስቶ ልማዱ ብቻ የቀረ ነገር አለ? ምክንያቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌ ማን ናቸው?
2. ማንም ሳይከለክለው እየደከመ ያለ መልካም ልማድ የትኛው ነው? ለማጽናት ከማን ይጀመር?
3. በዚህ ዓመት ሊዳሩ የታሰቡ፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች አሉ? ወላጆቻቸው የሚፈሩት ምንድን ነው? እኛስ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ምን ልንረዳቸው እንችላለን?